የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ «ልጄ ካናዳ ገብታ ለምን ታለቅሳለች?»

ባለፈው እትም ስለ ስደትና ሰው አገር ስለመቋቋም ጥያቄ ካላችሁ ላኩልን ብለን ነበር። ላካችሁ፣ ቴሌግራማችን ተጨናነቀ። ግማሹ «እንዴት ልሂድ?» የሚል ነው፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ትተነዋል። እዚህ የምንነጋገረው ሰው ከደረሰ በኋላ ስላለው ኑሮ ነው። ስም አንጠቅስም፣ ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች ደግሞ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሳቢያን ነው የምኖረው። የመጨረሻ ልጄ ናይሮቢ ስድስት ዓመት በስደት ቆይታ፣ የአክስቷ ልጆች ስፖንሰር አድርገዋት ካልጋሪ ገባች። ስምንት ወሯ ነው። መጀመሪያ በኢሞ ስትደውል ትስቅ ነበር፣ በረዶውን ታሳየኝ ነበር። አሁን ትደውልና ዝም ትላለች፤ ካሜራውን ታጠፋዋለች፤ ማልቀሷን ግን ድምጿ ይነግረኛል። ብር አልላከችም። እኔ አልጠየቅኳትም፣ ጎረቤት ነው ‹የእገሊት ልጅ በሦስት ወሯ ላከች› የሚለው። አሟት ይሆን? ወይስ ተመለሽ ልበላት?» (እናት፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እናቴ፣ ልብዎን ያሳርፉ። ከሩቅ እንደሚመስለኝ ልጅዎ እየወደቀች አይደለም፣ እየገባች ነው። ብዙ ሰው የሚያለቅሰው በደረሰ ሳምንት ሳይሆን ከወራት በኋላ ነው። መጀመሪያ ሁሉም አዲስ ነው፣ ዘመድ ይጋብዛል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ እንግድነቱ ያልቅና ኑሮው ይመጣል።

የእሷን ኑሮ ላሳይዎት። በካናዳ ሕግ ስፖንሰር ያደረገ ሰው ለመጣው ስደተኛ የቤት ኪራዩን፣ የምግቡንና የልብሱን ወጪ ብዙውን ጊዜ ለ12 ወር ይሸፍናል። ከዚያ በኋላ በራስ እግር መቆም ነው። ስምንተኛ ወር ላይ ያለ ሰው ቀን ይቆጥራል ማለት ነው፤ አራት ወር ቀረኝ፣ ሥራ የለኝም፣ ቋንቋዬ ተሰባብሯል እያለ። በዚያ ላይ ብዙ ስደተኛ የመጣበትን የአውሮፕላን ቲኬት በብድር ነው የሚገዛው፣ ብድሩም ይከፈላል። ክረምቱ ደግሞ አለ። ታኅሣሥ ላይ ካልጋሪ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሆኖ አውቶቡስ የሚጠበቅበት ቀን አለ። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ማታ ማታ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፎ ከጎረቤት ጋር ሲጫወት የኖረ ሰው፣ እዚያ በሩን ቆልፎ ብቻውን ሲቀመጥ ቢያለቅስ ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ብሩ። የጎረቤትዎ ነገር ነው ያናደደኝ። በሦስት ወሯ የላከች ልጅ የት እየሠራች እንደላከች ማንም አይጠይቅም። እዚያ አካባቢ ትልልቅ የስጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች አሉ፤ ቋንቋ ብዙ አይጠይቁም፣ ክፍያቸውም መጥፎ አይደለም። ብዙ ወገናችን ቶሎ ይገባባቸዋል። ሥራው ክቡር ነው፣ ነውር የለውም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ ከእንግሊዝኛ ትምህርት ወጥቶ የማታ ፈረቃ የገባ ሰው፣ ቤተሰብ ወር በወር መቀበል ከለመደ በኋላ ወደ ክፍል መመለስ ያቅተዋል። አሥር ዓመት እዚያው ቢላዋ ይዞ ይቆማል። እዚያ ለአዲስ ገቢዎች ሊንክ የሚባል የእንግሊዝኛ ትምህርት አለ፣ መንግሥት ነው የሚከፍለው፣ ብዙ ቦታ ለሕፃናት ማቆያም አለው። ይህ ዕድል ዜግነት እስክታገኝ ድረስ ነው ያለው። ዜግነቱም ራሱ ቋንቋ ይጠይቃል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን እዚያው አገር መኖርና፣ ዕድሜዋ ከ18 እስከ 54 ከሆነ፣ መሠረታዊ ንግግር መቻሏን ማሳየት አለባት።

ስለዚህ የእኔ ምክር አንድ ነው፤ በዚህ ገጽ ደጋግሜ የምለውም እሱኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ለእሷ ይተዉላት። ቋንቋ፣ ከዚያ የሙያ ወረቀት፣ ከዚያ ብር። ይህን ቅደም ተከተል የሚያፋልሰው ብዙ ጊዜ ስደተኛው ሳይሆን እዚህ ያለነው ነን። «ወንድምሽ ባጃጅ ሊገዛ ነው»፣ «የእህትሽ ሰርግ ደረሰ» እያልን።

ስትደውል «ምን ሠራሽ፣ ምን ያህል አገኘሽ?» አይበሏት። «ዛሬ ምን በላሽ? ዛሬ ምን ተማርሽ? ማንን አገኘሽ?» ይበሏት። ተመለሽ አይበሏት። እርስዎ ይህን ካሉ እዚያ የሚያቆማት ይጠፋል። ደግሞ እባክዎን «እኔ ካንቺ ምንም አልፈልግም፣ ተማሪ» ብለው በግልጽ፣ በአፍዎ ይንገሯት። ዝምታ አይበቃም፤ ዝም ሲሉ እሷ የምትሰማው የጎረቤቱን ድምፅ ነው።

አንድ ነገር ግን ይከታተሉ። እንቅልፍ ካጣች፣ መብላት ካቆመች፣ «ብሞት ይሻለኛል» ዓይነት ቃል ከወጣት፣ ያ ናፍቆት ብቻ አይደለም። የጤና ካርድ ስላላት ሐኪም ታናግር፤ ሐኪም ከሌላት 211 ብላ ትደውል። በየከተማው ያለውን የማኅበራዊ አገልግሎት የሚጠቁም ነፃ መስመር ነው፣ አስተርጓሚ መጠየቅም ትችላለች። ዘመዶቿም ይስሙ፤ በር ላይ ምግብ ይዞ ብቅ የሚል ሰው ከስልክ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ «አንድ ሰውዬ ጅጅጋ አካባቢ ያሉት ካምፖች ውስጥ ስሜን አስመዝግቦ በዩኤን በኩል አሜሪካ ሊያስገባኝ 200 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ስደርስ። ሰዎች ሄደዋል ይላል። ታምኑታላችሁ?» (የደቻቱ ልጅ)

መልስ፦ አናምነውም። አቦ፣ ብርህን ይዘህ ቁጭ በል።

በዓለም ላይ ካሉት ስደተኞች በዓመት ሦስተኛ አገር የሚሰፍሩት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ተቀባይ አገሮቹ ናቸው የሚመርጡት፤ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ለማንኛውም አገልግሎቱ ሰባራ ሳንቲም አያስከፍልም። ብር የጠየቀህ ሰው ሌባ ነው፣ የኮሚሽኑ መታወቂያ አንገቱ ላይ ቢያንጠለጥልም ሌባ ነው። በዚያ ላይ ጊዜውን እየው፦ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥር 20 ቀን 2025 በወጣ ትእዛዝ የስደተኛ ቅበላ ፕሮግራሟን አግዳለች። ካናዳም አምስት ሰዎች ተሰባስበው ስፖንሰር የሚያደርጉበትን መንገድ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 መጨረሻ ጀምሮ ለአዲስ ማመልከቻ ዘግታው ነበር። ዓመታት የጠበቁ፣ ምርመራቸውን የጨረሱ፣ ቲኬት የተቆረጠላቸው ሰዎች የቀሩበት ጊዜ ነው። አንተ በምን ታምር ትቀድማቸዋለህ?

ሌላም አለ። ያልሆንከውን ሆነህ፣ የሌላ አገር ሰው ነኝ ብለህ የምትመዘገበው ውሸት እስከ መጨረሻው ይከተልሃል። ዜግነት ስትጠይቅ፣ ሚስት ልታስመጣ ስትል፣ ያ ፋይል ይከፈታል።

ጥያቄ፦ «ድሬ ተወልጄ አድጌ በነርስነት በዲግሪ ተመርቄ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ጥገኝነት ጠይቄ ተፈቅዶልኝ አሁን ሚኒያፖሊስ ነኝ። የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ሰው አጥባለሁ፣ ዳይፐር እቀይራለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ። ለቤተሰቦቼ ‹ነርስ ሆኜ ገባሁ› አልኳቸው። ፎቶ ላኪ ሲሉኝ የሥራ ልብሴን ለብሼ እልካለሁ። እያፈርኩ ነው። ዲግሪዬ ውኃ በላው?» (እህታችሁ)

መልስ፦ እህቴ፣ ውኃ አልበላውም። ግን ዝም ብለሽ ከተቀመጥሽ ሊበላው ይችላል።

መጀመሪያ የምትሠሪውን እንየው። ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) የሚባለው ሥራ በአሜሪካ የጤና ቤት ውስጥ የመጀመሪያው በር ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፣ ስለዚህ ቶሎ ይገባበታል። እዚያ ካለው የእኛ ሰው ብዙው በዚህ በር ነው የገባው። ግማሹ አልፎ ሄዷል፣ ግማሹ በሩ ላይ ቀርቷል። ልዩነቱ የትምህርት ደረጃ እንዳይመስልሽ። ዲግሪ ይዘው ሃያ ዓመት የቀሩ አሉ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይዘው ገብተው ዛሬ ክፍል የሚመሩ ነርሶች አሉ። ያለፉት ደመወዙ ሳይጣፍጣቸው፣ ድርብ ፈረቃ ሳይለምዱ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወረቀቱን የጀመሩት ናቸው።

ወረቀቱ ይህ ነው። የክልሉ የነርሶች ቦርድ የውጭ ትምህርትሽን እንዲገመግም ቀድሞ ሲጂኤፍኤንኤስ ይባል እንደነበረው፣ አሁን ትሩሜሪት እንደሚባለው ዓይነት ገምጋሚ ድርጅት ማመልከት፤ የእንግሊዝኛ ፈተና ከተጠየቅሽ እሱን ማለፍ፤ ከዚያ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርሶች ፈቃድ ፈተና መቀመጥ። ሦስቱም ጊዜና ገንዘብ ይበላሉ። ሰው የሚንገላታበት ግን ከፈተናው ይልቅ የትምህርት ማስረጃው ነው። ገምጋሚዎቹ አንቺ የያዝሽውን ኮፒ አይቀበሉም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ አሽጎ፣ ማኅተም መትቶ፣ በቀጥታ እንዲልክ ይፈልጋሉ። ወንድምሽ ወይም እህትሽ ውክልና ይዘው ሬጅስትራር ፊት መቆም አለባቸው፤ «ነገ ና» ሲባሉ ነገ መመለስ አለባቸው። የሠራሽበትን የጤና ተቋም ደብዳቤና የሙያ ፈቃድሽንም አብረው ያውጡ።

እዚህ ላይ ነው ውሸቱ የሚጎዳሽ። ነርስ ሆኜ ገባሁ ካልሻቸው ማን ሄዶ ወረቀት ያመጣልሻል? «ለምን ፈለግሽው?» ይሉሻል። ስለዚህ ንገሪያቸው። ሽማግሌ ማጠብ ምን ያሳፍራል? እኛ አገር አባቱን ያጠበ ልጅ ይመረቃል እንጂ ይታፈርበታል እንዴ? እናትሽ ሁለት ቀን ይከፋቸዋል፣ በሦስተኛው ቀን ወንድምሽን ወደ ዩኒቨርሲቲው ይሰዱታል። እናቶችን አውቃቸዋለሁ።

ትንሽ የሚያበረታ ነገር ልጨምርልሽ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የአሜሪካ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የመንግሥት መረጃ ይዘው ስደተኞችን አጥንተው ነበር። በ18 እና በ45 ዓመት መካከል የገቡት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ ያጣሉ፣ የመንግሥት ድጎማ ይጠቀማሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን እዚያው ከተወለደው ሰው በላይ ሥራ ላይ ይገኛሉ። በሃያ ዓመት ውስጥ የከፈሉት ግብር ከወሰዱት ድጎማ በአማካይ በ21 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ደመወዛቸው ግን የአገሬውን አይደርስም፤ ጥናቱ ይህንንም አልሸሸገም። ለዚህ ነው ወረቀቱን የምጨቀጭቅሽ። ሥራ ማግኘት ሁሉም ያገኛል። ሙያን ማስመለስ ነው ከባዱ።

ጥያቄ፦ «ከየመን በጦርነቱ ተሰድጄ ድሬዳዋ ከገባሁ ቆይቻለሁ። ይህን የሚጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። እኔ የመንዲ (የየመን ሥጋና ሩዝ) እና የዳቦ ባለሙያ ነኝ። አሁን ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። የራሴን መክፈት እፈልጋለሁ። ስደተኛ ኢትዮጵያ ውስጥ መነገድ ይችላል? አንዳንዱ ‹በእኔ ስም አውጣው› ይለኛል።» (ከመጋላ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አህለን። ደስ ያለኝ ጥያቄ ነው፤ እኛ ስለ ስደት ስናወራ ሁሌ ወደ ውጭ እናያለን፣ እዚሁ መጋላ ውስጥ የተቋቋመውን ረስተን።

ሕጉ ከጎንህ ነው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ዕውቅና ያለው ስደተኛ ተቀጥሮ እንዲሠራ፣ በግብርና፣ በኢንዱስትሪ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ፣ በእጅ ሥራና በንግድ እንዲሠማራ ይፈቅዳል፤ የሚታየው እንደ ሌላው የውጭ ዜጋ ሆኖ ነው። የባንክ ሒሳብ መክፈት፣ መንጃ ፈቃድ ማውጣት፣ የልጅ ልደት ማስመዝገብም ይፈቅዳል። አዋጁ ሲወጣ በአፍሪካ ከተራማጆቹ አንዱ ተብሎ ተወድሶ ነበር። ከወረቀቱ እስከ መስኮቱ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። የወረዳው ሠራተኛ አዋጁን አይቶት ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ጉዳይህን ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጀምር፤ የስደተኛ መታወቂያህ የታደሰ ይሁን፣ ለስደተኞችም መሰጠት የጀመረውን የፋይዳ ቁጥር ጠይቅ፣ ከዚያ የሥራ ፈቃዱንና የደብዳቤውን ነገር። ቲን ነምበርና ንግድ ፈቃድ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡት። የአዋጁን ቅጂ በስልክህ ላይ ይዘህ ሂድ፣ ሼም የለውም።

«በእኔ ስም አውጣው» የሚልህ ሰው ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ዛሬ ጥሩ ነው። ሥራው ሲደራ፣ ወረፋው ከበሩ ሲወጣ፣ ወይ እሱ ሲሞትና ልጆቹ ሲመጡ ምን ትላለህ? ምድጃው የማን ነው? ከኢትዮጵያዊ ጋር መሥራት ከፈለግክ በሽርክና ይሁን፤ ማን ምን ያህል እንዳዋጣ፣ ትርፉ እንዴት እንደሚካፈል፣ የሚለያዩት እንዴት እንደሆነ ይጻፍና ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ይፈረም። የቤት ኪራይ ውሉም እንዲሁ። በአፍ የተስማማ ስደተኛ ክስ ቢመጣ ምስክር የለውም።

ድሬ ላይ ለምን እንደሚያዋጣህ ልንገርህ። ይህች ከተማ የመጤ ከተማ ናት። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊወጣ አስቦ ተራራው ስላስቸገረ ሜዳውን ይዞ አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ «አዲስ ሐረር» ብለው ነበር የጠሯት። ከባቡሩ ጋር ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ያንተም ዘመድ ዓረቡ መጣ። በከዚራ ሠፈር ዛፎቹ ሥር ያሉትን አሮጌ ቤቶች እያቸው፤ ብዙዎቹ ያኔ በመጣ ሰው የተሠሩ ናቸው። ሌላውን ተወው፣ የአርመኖቹ ታሪክ ራሱ ይበቃል፦ እ.ኤ.አ. በ1924 ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው ከኦቶማኑ ጭፍጨፋ የተረፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች ተባሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። አገር አልባ የሆነ ሰው ለሌላ አገር መዝሙር ሠራ ማለት ነው፤ እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ሥራው ላይ አንድ አስተያየት፦ መጀመሪያ የሚመጣልህ ደንበኛ ያገርህ ሰው ነው፣ ጥሩ ነው፣ ኪራይህን ይከፍልልሃል። ግን በእሱ ብቻ አትኑር። ዋጋውን በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም በር ላይ ጻፍ። ሳህኑን አሳንሰህ በርካሽ የምትሸጠው ነገር ይኑርህ፤ የባጃጅ ሹፌር ሙሉ መንዲ በየቀኑ አይበላም፣ ትኩስ ዳቦ በፉል ግን በየቀኑ ይበላል። አማርኛህንም ግፋበት። የጎረቤትህ ልጅ ሁሌ አይጽፍልህም፣ ትምህርት አለው።

ጥያቄ፦ «ሁሌ ስደት ጥሩ ነው ትላላችሁ ወይም መጥፎ ነው ትላላችሁ። እስቲ ያለፈለት አንድ ስደተኛ ጥቀሱ።» (ተጠራጣሪው)

መልስ፦ ሲፋን ሐሰን። አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ብቻዋን ኔዘርላንድስ በስደት ገባች። ነርስ ለመሆን እየተማረች ሮጠች፤ በ2013 ዜግነት አገኘች። ቶኪዮ ላይ ሁለት ወርቅና አንድ ነሐስ፣ ፓሪስ 2024 ላይ የማራቶን ወርቅ።

ግን እንዲህ ዓይነቱን ስም መጥቀስ አልወድም። ካነበበው ሰው ስንቱ ነው የሚሮጠው? ለእኔ ያለፈለት ስደተኛ የዋሽንግተን ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ሲቆርጥ ኖሮ፣ ከጓደኞቹ ጋር ዕቁብ ገብቶ፣ ዕጣው ሲደርሰው ታክሲ ገዝቶ፣ ከታክሲው የልጆቹን ትምህርት የከፈለው ሰውዬ ነው። በጋዜጣ አይወጣም። ዕቁቡን ግን ልብ በል። የባንክ ታሪክ የሌለውን ሰው ማን ያበድረዋል? የራሱ ሰው። እዚያ ያሉት ሐረሪዎችም አፎቻ የሚባለውን የመረዳጃ ማኅበራቸውን ይዘው ነው የሄዱት፤ ሐዘን ላይ ተሰብሳቢ፣ ሰርግ ላይ አዋጪ ያለው ሰው ባዕድ አገር ቶሎ አይሰበርም።

ጥያቄ፦ «ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ በስደት አውስትራሊያ ገብታ ሜልቦርን ትኖራለች፣ ፕሮሰሴን ጀምራልኛለች። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። እዚያ ልብስ ሰፊ ይፈለጋል? ምን ልያዝ?» (ባለ መኪናው)

መልስ፦ ይፈለጋል፣ ግን አንተ በምታስበው መንገድ አይደለም። እዚያ አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ጥቂት ነው፤ ልብሱ ተሰፍቶ ነው የሚመጣው። ሥራ ያለው ማስተካከል ላይ ነው፦ ሱሪ ማሳጠር፣ ወገብ ማጥበብ፣ ዚፕ መቀየር፣ የሰርግ ቀሚስ ማስገባት። መኪና ግርግር ላይ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀህ ሱሪ በሩብ ሰዓት ታሳጥር የለ? ያ ፍጥነት ነው ገንዘቡ። የሰርግ ቀሚስና የመጋረጃ ሥራ ካልሞከርክ አሁን ሞክር፣ የተወሳሰበ ነገር የሚሠሩ ጓደኞችህ ጋ ቁጭ በል። የሠራኸውን ሁሉ ፎቶ አንሳ፤ ከመሥራትህ በፊትና በኋላ፣ የውስጡንም ስፌት። እንግሊዝኛው ሲያጥርህ ስልክህን አውጥተህ ታሳያለህ።

እንግሊዝኛውን ከሙያህ ጀምር። ሰዋስው ኋላ ይደርሳል። ክር፣ ዚፕ፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ ጠበበ፣ ሰፋ፣ መቼ ይደርሳል፣ ስንት ነው፤ እነዚህን ይዘህ ከሄድክ የመጀመሪያ ቀን ታወራለህ። እዚያ ስትደርስ ኤኤምኢፒ የሚባል ነፃ የእንግሊዝኛ ትምህርት አለ፣ በትዳር ቪዛ የሚገቡም ይጠቀሙበታል። ባለቤትህ በምን ሰዓት የት እንዳለ አሁኑኑ ታጣራልህ። ሜልቦርን ሐረሪ ስለሚበዛ የመጀመሪያው ደንበኛህ የሰርግ ልብስ የሚያሰፋ ያገርህ ሰው ይሆናል። ግባበት። ግን የማሽኑን ኪራይ የሚከፍልልህ ውጭ ያለው አውስትራሊያዊ ነው፤ ከሠፈርህ ልጆች ጋር ብቻ በርጫ ላይ ከዋልክ እንግሊዝኛው አይመጣም፣ እዚያ አገር ያለ ፈቃድ ጫት ማስገባት ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል።

ሚስትህን በተመለከተ አንድ ቃል። እሷ ቀድማ ሄዳለች፣ ቋንቋውን ታውቃለች፣ ሂሳቡን ትከፍላለች፣ አንተ ስትገባ መጀመሪያ ላይ አስተርጓሚህ እሷ ናት። ይህ ለብዙ ወንድ ከቅዝቃዜው ይከብዳል፤ ስንት ትዳር እዚህ ላይ ፈርሷል። ከመሄድህ በፊት በግልጽ ተነጋገሩበት።

ሰነዶቹን ዛሬ ጀምር። የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የስምንተኛና የአሥረኛ ክፍል ማስረጃ፣ መንጃ ፈቃድ ካለህ እሱን፣ የክትባት ካርድ። የስፌት ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ካልወሰድክ ሐረር እያለህ ተፈተን፤ እዚያ ሙያህን ስታስመሰክር እጅህ ላይ ያለው ወረቀት እሱ ብቻ ነው የሚሆነው። ሁሉም ይተርጎም፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ይግባ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ማኅተም። ስምህ በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል መጻፉን ራስህ እያንዳንዱን አስተያይ። አንዱ ላይ አንድ ፊደል ቢለይ ፓስፖርትህን ተከትሎ እንዲታረም እዚያው መስኮቱ ላይ ሳለህ ጠይቅ፤ ሜልቦርን ሆነህ ሐረር ቀበሌ ማስታረም ምን እንደሚመስል ባለቤትህን ጠይቃት።